«ዴሞክራሲ» በየት በኩል ገባ? የአንድን የፖለቲካ ቃል መንገድ በየቋንቋው የመከታተያ ዘዴ

«ዴሞክራሲ ከግሪክኛ የመጣ ቃል ነው» የማይል የሥነ ዜጋ መማሪያ ማግኘት ይቸግራል። ዐረፍተ ነገሩ ስሕተት የለበትም፤ ግን ብዙም አይረዳም። ቃሉ ከግሪክ ተነሣ እንጂ ግሪኮች ራሳቸው ለየአገሩ አላደሉትም። ሶማልኛ ያገኘው ከዐረብኛ ነው፤ ቱርክኛና ፋርስኛ ከፈረንሳይኛ፤ ማልትኛ ከጣልያንኛ። ቻይንኛና አይስላንድኛ ደግሞ ቃሉን ደጅ አቁመው ሐሳቡን ብቻ አስገቡና ስሙን ከራሳቸው ቃላት ሠሩለት።

ይህ መመሪያ ለተርጓሚ፣ ለአራሚ፣ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅና ለቋንቋ ተማሪ ነው። ቃሉ ወደ አንድ ቋንቋ በየትኛው በር እንደ ገባ የሚያሳየው ማስረጃ አብዛኛው ቃሉ ላይ ራሱ አለ፦ መጨረሻው ላይ፣ መሐሉ ላይ፣ መነሻው ላይ። ከሁሉ የበለጠ የሚናገረው መጨረሻው ነው።

ወረቀቱን ማዘጋጀት

ከገጹ ራስ ላይ ሁለት የግሪክኛ ቅርፅ ጻፉ፤ አንድ አይበቃም። የመጀመሪያው የጥንቱ የአቴንስ አነባበብ፣ ዴሞክራቲያ ነው። ሁለተኛው የኋለኛው ግሪክኛ፣ ዲሞክራቲያ። ኤታ የሚባለው የግሪክ ፊደል በጥንት ዘመን ረዥም ኤ ነበር፤ በቢዛንታይን ዘመን ኢ ሆነ፤ ዛሬም ኢ ነው። ላቲን የጥንቱን ኤ ስለያዘ ምዕራብ አውሮፓ ቃሉን በዴ ይጽፈዋል። ሁለቱን ቅርፅ ሳይለይ የጀመረ ሰው የዐረብኛውን ዲ ከእንግሊዝኛው ዲ ጋር አንድ ላይ ይመድባል። አይገናኙም። የዐረብኛው የኋለኛውን ግሪክኛ ኢ የሚያስታውስ ነው፤ የእንግሊዝኛው ግን ጭነቱ (ሲነገር ጠንክሮ የሚባለው ክፍል) «ሞ» ላይ ስላረፈ የመጀመሪያው አናባቢ ደክሞ የመጣ ነው። እንግሊዞች ቃሉን የሚጽፉት አሁንም በኤ ነው።

ከሥሩ ሁለቱን ክፍሎች አስቀምጡ። ዴሞስ ሕዝብ ነው፤ አቴንስ ውስጥ ግን ዜጋ የሚመዘገብበት የአስተዳደር ክፍልም ነበር፤ ከአቴንሳዊው መሪ ከክሌይስቴኔስ ለውጥ (508/507 ከክርስቶስ ልደት በፊት) በኋላ ቁጥራቸው 139 ደረሰ። የእኛ ቀበሌ ማለት ይቀርበዋል። ክራቶስ ኃይል፣ የበላይነት ነው። የቀበሌውን ትርጉም ቸል አትበሉት፤ አሁን ባለው ግሪክኛ «ዲሞስ» ማዘጋጃ ቤት ነው፤ «ዲማርሖስ» ከንቲባ። በአቴንስ የማዘጋጃ ቤት መኪና ላይ የተጻፈውን «ዲሞስ» ሕዝብ ብሎ የሚተረጉም ሰው አይጠፋም።

ቀጥሎ አምስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ አስምሩ፦ ቋንቋው፤ ቃሉ በራሱ ፊደል፤ ድምፁ በግዕዝ ፊደል፤ ቅጽሉ፤ የሰውየው ስም። ለመጀመሪያ ሥራ 12 ቋንቋ ይበቃል፦ ግሪክኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛ፣ ጣልያንኛ፣ ሩስኛ፣ ዐረብኛ፣ ዕብራይስጥ፣ ቱርክኛ፣ ሶማልኛ፣ ሕንድኛ፣ ቻይንኛ። ይህ ዝርዝር ዋና ዋናዎቹን በሮች ሁሉ ይሸፍናል። አማርኛን መጨረሻ ላይ ጨምሩት፤ አስቀድማችሁ ከጀመራችሁበት ሌሎቹን ሁሉ በእሱ መነጽር ታያላችሁ።

ቅጽሉና የሰውየው ስም የሚያስፈልጉት ስሙ ብቻውን ስለሚያሳስት ነው። አማርኛ «ዴሞክራሲ» ይላል በስ፤ ሰውየውን ግን «ዴሞክራት» ይለዋል በት። ከአንድ ግንድ የወጡ ሁለት ቃላት ለምን ተለያዩ? ፈረንሳይኛ ስሙን ሲጨርስ ት-ን እንደ ስ ያነባታል፤ የሰውየው ስም ላይ ግን ት-ን ት ብሎ ይጠራታል። እንግሊዝኛም ከፈረንሳይኛ ሲወርስ ይህንኑ መለያየት ወረሰ። ቱርክኛም እንዲሁ ዴሞክራሲ፣ ዴሞክራት፣ ዴሞክራቲክ ይላል። አንድ ቋንቋ ውስጥ ስ እና ት እንዲህ ጎን ለጎን ከተገኙ ቃሉ በፈረንሳይኛ ወይም በእንግሊዝኛ በኩል የመምጣቱ ዕድል ከፍ ያለ ነው። ጀርመንኛና ዐረብኛ ላይ ይህ መለያየት የለም፤ በሦስቱም ቅርፅ አንድ ዓይነት ተነባቢ ነው ያለው።

ሥራው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሁለተኛው ዓምድ ላይ ነው። ሰው ቃሉን ከኢንተርኔት በላቲን ፊደል ተጽፎ ያገኘዋል፤ እንዳለ ይገለብጠዋል። የዐረብኛው ጣእ (የእኛ ጠ አቻ) ከሥሩ ነጥብ ሳይደረግበት በላቲን ሲጻፍ ከታእ (ከተ አቻ) ጋር አንድ ይሆናል፤ የምንፈልገው ማስረጃ ደግሞ ያቺው ልዩነት ናት። ስለዚህ መጀመሪያ የቋንቋውን የራሱን ፊደል ገልብጡ፤ ድምፁን ከዚያ አውጡ።

መጨረሻውን ማየት

ሦስት ክምር አድርጉ። በቲ ወይም በቲያ የሚያልቁትን አንድ ላይ፦ ግሪክኛ፣ ጀርመንኛ (ዴሞክራቲ)፣ ስዊድንኛ፣ ዴንማርክኛ፣ ሩስኛ፣ ጆርጅያኛ፣ ፊንላንድኛ፣ ዕብራይስጥ። በትስ የሚያልቁትን ሌላ ላይ፦ ጣልያንኛ፣ ፖሎንኛ፣ ሀንጋርኛ፣ ሮማንያኛ፣ ማልትኛ። በሲ የሚያልቁት ደግሞ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ቱርክኛ፣ ፋርስኛ፣ ኢንዶኔዥያኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛ ናቸው። ስዋሂሊ «ዴሞክራሲያ» ስለሚል ከሦስተኛው ጋር ይቀመጣል፤ መጨረሻው ላይ ያለችው ያ ከራሱ የስም አጨራረስ ልማድ ጋር ትስማማለች።

እዚህ ላይ የአጻጻፍ ወጥመድ አለ። ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛና ደችኛ ቃሉን የሚጨርሱት በአንድ ዓይነት ሦስት የላቲን ፊደላት ነው፤ ፈረንሳዩ ሲ ብሎ ያነባቸዋል፣ ጀርመኑ ቲ፣ ሆላንዱ ትሲ (ብዙ ጊዜም ሲ)። ጽሑፉን ብቻ ያየ ሰው ሦስቱን አንድ ክምር ላይ ይጥላቸዋል። ስለዚህ የድምፅ ቅጂ ያለው መዝገበ ቃላት ፈልጉና አዳምጡ። ሩስኛ ላይ ግን ምክሩ ይገለበጣል፤ ጭነት ያላረፈባቸው አናባቢዎች በንግግር ስለሚደክሙ ጆሮ የሚሰማው «ዲማክራቲያ» የመሰለ ነገር ነው። የሚታመነው እዚያ ጽሑፉ ነው፤ ጽሑፉ ዴሞ ይላል።

ማልትን እዩ። ማልታ ከአንድ መቶ ስድሳ ዓመት በላይ በእንግሊዝ እጅ ነበረች፤ ቋንቋዋ የዐረብኛ ዘመድ ነው፤ ቃሉ ግን «ዴሞክራትስያ» ነው፣ ቁርጥ ጣልያንኛ። ቅኝ ገዢውን ብቻ አይቶ በሩን የሚገምት ሰው እዚህ ይወድቃል። ኢንዶኔዥያም ሌላ ፈተና ናት፦ መጨረሻው ሲ ስለሆነ ፈረንሳይ ወይም እንግሊዝ ያሰኛል፤ አገሪቱን የገዙት ግን ሆላንዶች ናቸው። መፍትሔው እኅት ቃላትን መጥራት ነው። ኢንዶኔዥያኛ ፖሊስን «ፖሊሲ»፣ ድርጅትን «ኦርጋኒሳሲ» ይላል፤ ሁለቱም የደችኛ ቃላት ናቸው፤ ሁለቱም ላይ የደችኛው መጨረሻ ሲ ሆኗል። እንግዲህ ዴሞክራሲም የሄደው በዚያው መንገድ ነው። አንድ ቃል ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ቢያንስ ሦስት እኅቶች ጥሩ፤ ቢሮክራሲ፣ አሪስቶክራሲና ፖለቲካ ለብዙ ቋንቋ ይሠራሉ።

እኅት ቃል ግን ሁልጊዜ አብሮ አይመጣም። የአማርኛው «ፖለቲካ» በካ ያልቃል። እንግሊዝኛም ፈረንሳይኛም ይህን መጨረሻ ሊሰጡት አይችሉም፤ ጣልያንኛ፣ ሩስኛና ግሪክኛ ግን ይችላሉ። ዴሞክራሲ በአንድ በር ፖለቲካ በሌላ በር ቢገቡ የሚያስደንቅ ነገር የለውም፤ ለሁለቱም አንድ ታሪክ የሚሰጥ መዝገበ ቃላት ግን እኅቶቹን አልመረመረም ማለት ነው።

ቀ እና ጠ

ዐረብኛ ቃሉን «ዲሙቅራጢያ» ብሎ ይጽፈዋል፤ በቃፍና በጣእ። ይህ የጥንት ተርጓሚዎች ልማድ ነው። የግሪክ ካፓ ስትመጣ በቃፍ፣ ታው ስትመጣ በጣእ መመለስ ከሴማውያን ቋንቋዎች ጋር አብሮ የኖረ ሥርዓት ነው፤ ግዕዝም ያውቀዋል። ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፦ ማርቆስና ሉቃስ በቀ ይጻፋሉ፣ ጴጥሮስ በጰና በጠ፣ ጰራቅሊጦስ ደግሞ ሦስቱንም ይዟል። በግሪክኛው እነዚህ ሁሉ ተራ ክ፣ ት፣ ፕ ናቸው። ዴሞክራሲ በአክሱም ዘመን ከግሪክኛ በቀጥታ ወደ ግዕዝ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንጽፈው «ዲሞቅራጥያ» የመሰለ ነገር በሆነ ነበር። ክ እና ስ ይዞ መገኘቱ ብቻውን የቅርብ እንግዳ መሆኑን ይናገራል።

ይህ ፈተና ግን ዕድሜ አይለካም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ዐረብኛ ቢሮክራሲንም «ቢሩቅራጢያ» ይለዋል፤ ቃሉ ግን በ18ኛው መቶ ዓመት ፈረንሳይ ውስጥ የተሠራ ነው፤ የፈረንሳይኛ «ቢሮ» ከግሪክኛ ቅጥያ ጋር ተጋብቶ። አንድም የጥንት ግሪካዊ ሰምቶት አያውቅም። እንግዲህ ቃፍና ጣእ የሚያሳዩት «ይህ ቃል ግሪክኛ ነው» ተብሎ መታሰቡን እንጂ በጥንት መምጣቱን አይደለም። ማነጻጸሪያ ከፈለጋችሁ ላቲን የሆነውን «ዲክታቱር» እዩ፤ እሱ በተራ ካፍና ታእ ነው የሚጻፈው።

ዕብራይስጥም ዴሞክራትያን በቆፍና በጤት ይጽፋል። በንግግር ግን ቆፍ ከካፍ፣ ጤት ከታው አይለይም፤ ስለዚህ እስራኤል ያለ አማርኛ ተናጋሪ በጆሮው ብቻ ከሄደ «ክ እና ት ነው» ይላል። ጋዜጣውን ገልጦ ፊደሉን ማየት አለበት።

ከዐረብኛ የተቀበሉትን ለመለየት የቋንቋውን የራሱን የድምፅ ልማድ ማወቅ ይጠይቃል። ሶማልኛ «ዲሙቅራዲያድ» ይላል። ቀ-ዋ እንዳለች አለች፤ ጣእ ግን ደ ሆናለች። ስሕተት አይደለም፤ ሶማልኛ ሱልጣንንም «ሱልዳን» ነው የሚለው። ጣልያንና እንግሊዝ የገዙት አገር ቃሉን ከዐረብኛ ወሰደ ማለት ነው። የሰሜን ናይጄሪያው ሀውሳ «ዲሞኩራዲያ» ይላል፤ መጨረሻውና ደ-ው የዐረብኛ መልክ አላቸው፤ መሐሉ ላይ ያለው ተራ ክ ግን ከዐረብኛው ቀ ጋር አይሄድም። እንዲህ ያለው ሲያጋጥም አንድ በር ለመምረጥ አትታገሉ፤ «መጨረሻው በዐረብኛ መልክ፣ መሐሉ ግን ሌላ» ብላችሁ መዝግቡ። ሁለት ቋንቋ የሚሰማ ሕዝብ ቃልን ከሁለት አቅጣጫ ማግኘቱ የተለመደ ነው።

መነሻው፣ በተለይ በእኛ ፊደል

አማርኛና ትግርኛ የመጀመሪያዋን ፊደል በሦስት መልክ ይጽፏታል፦ ኃምስ ዴ፣ ሣልስ ዲ፣ ግዕዝ ደ። ይህ ልዩነት የድርጅቶችና የመንግሥታት አሕጽሮት ውስጥ ገብቶ ደርቋል፤ ስለዚህ ከማንኛውም መዝገበ ቃላት የተሻለ ቋሚ ምስክር ነው። በ1979 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ያቋቋመው ኢሕዲሪ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) በዲ ነው። ኢሕአዴግ (የኢትዮጵያ ሕዝቦች አብዮታዊ ዴሞክራሲያዊ ግንባር) በዴ። የኤርትራው ህግደፍ (ህዝባዊ ግንባር ንደሞክራስን ፍትሕን) በደ። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና አንዱ ትክክል ሌላው ስሕተት ነው ለሚል ሰው አሳዩት። የአሁኑ የአገሪቱ ስም አሕጽሮትማ ኢፌዲሪ፣ ኢፌዴሪ፣ ኢፌድሪ እየተባለ በሦስቱም ሲጻፍ ይገኛል።

ከአሕጽሮት ማስረጃ ሲወሰድ አንድ ጥንቃቄ አለ። ኢዲዩ (የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኅብረት በእንግሊዝኛ ስሙ ሲያጥር) ውስጥ ያለችው ዲ ከአማርኛው ቃል አልመጣችም፤ የእንግሊዝኛው ፊደል ስም ናት፤ ሦስቱም ሆሄ የእንግሊዝኛ ፊደላት ሲጠሩ የሚሰማው ድምፅ ነው። በዝርዝራችሁ ውስጥ እንዲህ ያለውን አታስገቡ።

ዴ የፈረንሳይኛን፣ ዲ የእንግሊዝኛን አነባበብ ይመስላል። ይመስላል ብቻ ነው። እንግሊዝኛን በዓይኑ የተማረ ሰው የተጻፈውን ኤ አይቶ ዴ ሊል ይችላል፤ ፈረንሳይኛ የማያውቅ ቢሆንም። ስለዚህ ከዚህች አንዲት አናባቢ ተነሥቶ «ከፈረንሳይኛ ነው» ብሎ መደምደም አያስኬድም።

በዲጂታል ሰነድ ውስጥ ስትፈልጉ ኮምፒዩተሩ ዴንና ዲን ሁለት የማይገናኙ ፊደላት አድርጎ ነው የሚያያቸው። ሦስት ጊዜ ከመፈለግ ከሁለተኛው ፊደል ጀምሩ፦ «ሞክራሲ» ብላችሁ ብትፈልጉ ሦስቱንም መነሻ፣ ከነየ፣ ከነበ፣ ከነለ ያወጣላችኋል። ለሰውየው «ሞክራት»፣ ለትግርኛው (እንደ «ንደሞክራስን» ላለው ቅርፅ) «ሞክራስ» ብላችሁ ለየብቻ ፈልጉ። የበለጠ አሳጥሬ «ሞክራ» ልበል ያለ ሰው ግን «ሞክራለች»፣ «ሞክራ ነበር» የሚሉ ዐረፍተ ነገሮች ይጎርፉበታል።

የቅጽሉ «ያ»ም ታሳስታለች። «ዴሞክራሲያዊ» ስላልን መሠረቱ «ዴሞክራሲያ» ነበር ማለት አይደለም፤ በኢ የሚያልቅ ቃል «ኣዊ» ሲቀጠልበት ያ ትገባለች፤ ቴክኖሎጂም ቴክኖሎጂያዊ ይሆናል። «ዴሞክራሲያ» የሚል ስም በአማርኛ በእርግጥ አለ፤ የኢሕአፓ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ) ኅቡዕ ጋዜጣ መጠሪያ ነበር። ግን በራሱ ማስረጃ መመዝገብ አለበት እንጂ ከቅጽሉ የሚመነዘር አይደለም።

ዓመት ስትጽፉ አቆጣጠሩን ካላያያዛችሁ ጉድ ይፈላል። ኢሕዲሪ በይፋ የተመሠረተው በ1987 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ የአሁኑ ሕገ መንግሥት የጸደቀው ደግሞ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም.። «1987» ብሎ ብቻ ያለፈ ጽሑፍ ሁለቱን መንግሥታት አንድ ያደርጋቸዋል፤ የዲ እና የዴ ማስረጃውም አብሮ ይደበላለቃል።

ቃሉ ሳይገባ ሐሳቡ ብቻ ሲገባ

ከላይ ያሉት ፈተናዎች አንዱም ካልሠራ ቃሉ ተተርጉሞ ይሆናል። ቃሉን ለሁለት ክፈሉትና እያንዳንዱ ክፍል በቋንቋው ብቻውን ምን እንደሆነ ጠይቁ። የአይስላንድኛው «ሊድራይዲ» ሕዝብና ገዢነት ነው። የፊንላንድኛው «ካንሳንቫልታ» የሕዝብ ሥልጣን ነው፤ ፊንላንዶች ግን «ዴሞክራቲያ»ንም አልጣሉም፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ይጠቀማሉ። በሕንድኛ «ሎክታንትራ»፣ ሎክ ሕዝብ፣ ታንትራ ሥርዓት።

የተተረጎመ ቃል ሲገኝ «ዴሞስና ክራቶስ በትክክል ተተኩ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ የተመረጠችው «ሕዝብ» የትኛዋ ሕዝብ እንደሆነች ማየት ያሻል። ኔፓል ውስጥ የድሮው ቃል «ፕራጃታንትራ» ነበር፤ ፕራጃ የንጉሥ ተገዢ ሕዝብ ናት። በ2006 (ከዚህ ወዲያ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ንጉሡን የተቃወመው እንቅስቃሴ «ሎክታንትራ»ን መረጠ። በመዝገበ ቃላት ሁለቱም «ዴሞክራሲ» ተብለው ይፈታሉ፤ አደባባይ ላይ ግን በሁለቱ መካከል ዘውድ ነበረ።

በጃፓን የፖለቲካ ምሁሩ ዮሺኖ ሳኩዞ በ1916 «ሚንፖንሹጊ» የሚለውን ቃል ያራመደው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። «ሚንሹሹጊ» ሕዝቡን ባለሥልጣን ያደርጋል፤ በወቅቱ ሕገ መንግሥት ግን የበላይ ሥልጣን የንጉሠ ነገሥቱ ነበር። «ሚንፖን» ሕዝብን መሠረት ማድረግ ስለሆነ ዙፋኑን ሳይነካ ማለፍ ይችላል። ዛሬ ጃፓንኛ የሚጠቀመው «ሚንሹሹጊ»ን ነው፤ ከእንግሊዝኛ የተወሰደው «ዴሞኩራሺ»ም አለ። እግረ መንገድ፣ ጃፓኖች «ዴሞ» ብለው የሚያሳጥሩት ሰላማዊ ሰልፍን ነው፤ እሱ ከላቲን የመጣ ቃል ነው፣ ከዴሞስ ጋር ዝምድና የለውም።

የቻይንኛው «ሚንጁ» ከሁሉም ያስቸግራል። ሚን ሕዝብ፣ ጁ ጌታ ወይም ባለቤት ነው። በጥንታዊ ጽሑፎች ግን ይኸው ጥንድ «የሕዝብ ጌታ»፣ ማለትም ንጉሥ ማለት ነበር። በ1864 ቤጂንግ ውስጥ የዓለም አቀፍ ሕግ መጽሐፍ ሲተረጎም በአዲሱ ትርጉሙ ሥራ ላይ ዋለ። ስለዚህ «ሚንጁ» የሚለው ጽሑፍ በጥንታዊ ሰነድ ስለተገኘ ቻይና ዴሞክራሲን ከጥንት ታውቀው ነበር ማለት አይቻልም፤ ትርጉሙ ተገልብጧል። በ1919 አካባቢ ደግሞ ድምፁን ብቻ የሚገለብጥ «ዴሞከላሺ» የሚባል ቅርፅ ነበር፤ ወጣቶቹ ምሁራን አሳጥረው «አቶ ዴ» ይሉት ነበር። ሚንጁ አሸነፈ።

ከሪፐብሊክ ጋር መደባለቅ

ተርጓሚ ብዙ ጊዜ የሚቀጣው እዚህ ነው። ግሪክኛ ለሪፐብሊክ የተለየ ቃል የለውም ማለት ይቻላል፤ ሪፐብሊክም «ዲሞክራቲያ» ነው። የአገሪቱ ስም «ኤሊኒኪ ዲሞክራቲያ» ሲተረጎም የግሪክ ሪፐብሊክ ነው፤ «የግሪክ ዴሞክራሲ» ከተባለ ፓስፖርት ላይ የማይገኝ አገር ተፈጠረ። ታዲያ «ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ» የሚል ስም ሲመጣ ግሪኮች ምን ያደርጋሉ? ቃሉን ላለመድገም ዴሞክራሲያዊ የሚለውን «ሕዝባዊ» በሚል ይተኩታል። የቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን «ላኦክራቲኪ ዲሞክራቲያ» ነበረች። የኢትዮጵያ ሙሉ ስምም በግሪክኛ ሰነድ «ላይኪ ዲሞክራቲያ» የሚል አለበት፤ ቃል በቃል ወደ አማርኛ ቢመለስ ሕዝባዊ ሪፐብሊክ ይሆናል። ይህን ያየ ሰው የደርግ ዘመን ሰነድ መስሎት ሊጥለው ይችላል።

ሁለተኛው ወጥመድ ከዐረብኛው «ጁምሁር» የወጡት ቃላት ናቸው፤ ጁምሁር ብዙኃን ሕዝብ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠራ ኢትዮጵያዊ በዐረብኛ ወረቀቱ ላይ «ጁምሁሪያ» እና «ዲሙቅራጢያ» የሚሉትን ሁለቱንም ያያል፤ የመጀመሪያው ሪፐብሊክ፣ ሁለተኛው ዴሞክራሲያዊ። ቱርክኛ «ጁምሁሪየት» ሲል ሪፐብሊክ ነው። ኡርዱ «ጁምሁሪየት» ሲል ግን ዴሞክራሲ ነው፤ ሪፐብሊክ ለማለት መጨረሻዋን ት ጥሎ «ጁምሁሪያ» ይላል፤ የፓኪስታን ሙሉ ስም ላይ ያለው ይህ ነው። ሕንድኛና ቤንጋልኛም እንዲሁ ቦታ ይለዋወጣሉ፦ «ጋናታንትራ» ለሕንድኛ ሪፐብሊክ ነው፣ ቤንጋልኛው «ጎኖቶንትሮ» ግን ዴሞክራሲ፤ የባንግላዴሽ ስም ውስጥ ያለው የሪፐብሊክ ቃል ደግሞ ኔፓሎች ለዴሞክራሲ ይሉት የነበረው ፕራጃታንትራ ነው።

ማጣሪያው ቀላል ነው። በዚያ ቋንቋ የሚናገር አገርን ሙሉ ኦፊሴላዊ ስም ፈልጉ፣ የሪፐብሊክን ቃል ከዚያ ለዩ፤ ከዚያ በኋላ የቀረው የዴሞክራሲ ነው። በጎረቤት ቋንቋ የምታውቁትን ቃል ተመሳሳይ ስለሆነ ብቻ አትመኑት።

ዘመኑንና ስሜቱን መመዝገብ

የመጀመሪያ ምስክር ማለት ቃሉ የተፈጠረበት ቀን አይደለም፤ እስካሁን ተጽፎ የተገኘበት ነው። በግሪክኛ የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቶስ በ5ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ይጠቀምበታል። በ13ኛው መቶ ዓመት የሜርቤኩ ዊልያም አርስጣጣሊስን ወደ ላቲን ሲመልስ ቃሉን ሳይተረጉም አስገባው፤ በ14ኛው ኒኮል ኦሬም ወደ ፈረንሳይኛ አሻገረው፤ እንግሊዝኛ ውስጥ የሚገኘው ከ16ኛው ጀምሮ ነው። ሦስቱም እርምጃ በትርጉም ሥራ ወይም በመጽሐፍ የመጣ ስለሆነ ቃሉ ረዥም ዘመን የምሁራን ቃል ነበር፤ ገበያ አልወጣም።

ስሜቱንም ጻፉ። አርስጣጣሊስ ዴሞክራሲን ከተበላሹ የአገዛዝ ዓይነቶች መድቦ የድኾች አገዛዝ ይለዋል። ከአሜሪካ መሥራቾች አንዱ ጄምስ ማዲሰን በ1787 ዴሞክራሲን ዜጎች ራሳቸው ተሰብስበው የሚያስተዳድሩበት ትንሽ ማኅበር ብሎ ከሪፐብሊክ ለይቶታል፤ የዚያው ዓመት የአሜሪካ ሕገ መንግሥትም ቃሉን አንድ ጊዜ እንኳ አይጠቅስም። የ17ኛ ወይም የ18ኛ መቶ ዓመት ጽሑፍ ስትተረጉሙ ዛሬ «ዴሞክራሲ» የሚለው ሙገሳ ያለበትን ቃል እንዳለ ብታስቀምጡ የደራሲውን ስድብ ወደ ምስጋና ትለውጡታላችሁ። እንደ ዐውዱ «የብዙኃን አገዛዝ» ማለት ያዋጣል።

ሕዝብ ራሱ የሚሰጠውን ፍቺም አትጣሉት፤ ግን በሌላ መስመር አስፍሩት። ቱርክ ውስጥ በ1946 የተቋቋመው ዴሞክራት ፓርቲ ስም ለገጠሬው ጆሮ ስላልተመቸ «ደሚርክራት» ተባለ፤ ቃል በቃል የብረት ግራጫ ፈረስ ማለት ነው። ቀጥሎ የመጣው የፍትሕ ፓርቲ ፈረስን ምልክቱ አደረገ። ይህ ስለ ቃሉ አመጣጥ ምንም አይነግርም፤ ስለ አገባቡ ግን ብዙ ይነግራል።

የአማርኛው መግቢያ ሲጻፍ

ከላይ ባሉት ፈተናዎች የተገኘው እንዲህ ይሰፍራል፦

ዴሞክራሲ (ስም፤ ዲሞክራሲ ተብሎም ይጻፋል፤ በትግርኛ ደሞክራሲ)። ከፈረንሳይኛ ወይም ከእንግሊዝኛ፤ እነርሱ ከላቲን ዴሞክራቲያ፤ ላቲን ከግሪክኛ ዴሞክራቲያ፣ ዴሞስ «ሕዝብ» እና ክራቶስ «ኃይል»። ቅጽል፦ ዴሞክራሲያዊ። ሰው፦ ዴሞክራት።

«ወይም» የምትለዋን ቃል አራሚዎች መሰረዝ ይወዳሉ፤ ያልተጠናቀቀ ሥራ ትመስላቸዋለች። ተዉአት። ሲ የሚለው መጨረሻ ጣልያንኛን፣ ግሪክኛንና ሩስኛን ያስወጣል፤ ስ እና ት ጎን ለጎን መገኘታቸው ፈረንሳይኛንና እንግሊዝኛን ያስቀራል፤ ከዚያ ወዲያ የሚለየው የቃሉ ቅርፅ አይደለም። ቃሉ ቀድሞ የተጻፈበትን የአማርኛ ጽሑፍ ማግኘትና ጸሐፊው ከየትኛው ቋንቋ ይተረጉም እንደ ነበር ማየት ነው፤ ይህ ደግሞ የቤተ መዛግብት ሥራ ነው። ያገኛችሁትን ሁሉ ከቀኑ፣ ከገጹና ከአቆጣጠሩ ጋር መዝግቡ፤ የመጀመሪያዋንም ፊደል፣ ዴ ሆነች ዲ፣ እንዳለች ገልብጡ፤ ለአንድ ወጥነት ብላችሁ አታርሟት።